በስሜ የቆመው ማማ

ጥቅምት 12

ለእህቴ ልጅ ለዳክዬ፦

ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደነበረ ነው፤ ጆሮዬ ግን ጨርሶ ከድቶኛል። ስለዚህ ስልክ አያነሱም እያልሽ መውቀስሽን ተዪው። ባነሳውም የምሰማው የዝንብ ድምፅ ብቻ ነው። ስትጽፊልኝ ቢያንስ ደጋግሜ አንብቤ ደጋግሜ እናደዳለሁ።

የጠየቅሽኝን ነገር ሳነብ መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አየሁት። አገሪቱ በዓለም አቀፉ ስምምነት ያስመዘገበቻቸው ረግረጎች ሁሉ የሚገቡበት ባለ ቀለም መጽሐፍ ልታሳትሙ ነው፤ መግቢያው ላይ ደግሞ የእኔ የደስታ ቃል እንዲወጣ ተፈልጓል። ፎቶም ይጨመር ብለሻል፤ ማማው ላይ ቆሜ፣ ወደ ሩቅ እያየሁ። ድንቄም። ወደ ሩቅ የማየው ምኑን ነው?

አሁን አንቺ በተቀመጥሽበት ቢሮ ተቀምጬ ይህን ረግረግ በዓለም ዝርዝር ውስጥ እስካስገባው ድረስ ፀጉሬ ሸብቷል። ጡረታ ስወጣ እዚሁ ዳርቻው ላይ ቤት የሠራሁት ውሃውን እያየሁ ልሞት ብዬ ነው። እናንተ ደግሞ አላስችላችሁ ብሎ በስሜ የወፍ ማያ ማማ ሠራችሁ። ከዚያ እንግዳ በቆዳ ጫማው ማማው ድረስ እንዲሄድ ብላችሁ ረግረጉ መሐል አፈርና ድንጋይ ሞልታችሁ መንገድ አወጣችሁ። መንገዱ ረግረጉን ለሁለት ገመሰው። ማማው ላይ ስወጣ በላይኛው ወገን ውሃ አያለሁ፤ በታችኛው ወገን የኳስ ሜዳ አያለሁ። ጎል ብቻ ነው የቀረው።

ባለፈው ክረምት ወንዙ እንደ ልማዱ ሞልቶ መጣና መንገዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። የታችኛው ደንገል ጠብታ ሳይቀምስ ክረምቱ ወጣ። ደንገል አንድ ዓመት ይታገሣል። የሚመጣውንም ክረምት ካጣ ግን ሥሩ ይሞታል፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ብትደፊበት አይነሣም። ከወዲሁ ችካል እየተከሉ መሬቱን ለእርሻ የሚከፋፈሉ ሰዎች አሉ። እነሱ ነገ የሚሆነውን ከመሥሪያ ቤታችሁ በተሻለ ያውቁታል።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አገር ራሷ "ይኼኛው ረግረጌ ሊጠፋብኝ ነው" ብላ የምታስመዘግብበት የአደጋ መዝገብ እንዳለ ታውቂያለሽ፤ ረስተሽው ከሆነ ደግሞ ላስታውስሽ። እዚያ የገባ ሥፍራ ባለሙያ ይላክለታል፤ ያበላሸውም አካል ሳይወድ በግዱ ያስተካክላል። የእኛን አስገቢው። ጥርሶ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ። ጥርሶ የምለው ዋና ዳይሬክተርሽን ነው፤ ከጥርሱ በቀር የሚያሳየው ነገር ኖሮ አያውቅም።

የደስታ ቃሉን ከፈለጋችሁ ከችካል ተካዮቹ ጠይቁ። እነሱ ደስ ብሏቸዋል።

አጎትሽ

ኅዳር 5

ለውድ አጎቴ ለጋሼ፦

እንደምን ሰነበቱ? መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መስክ ነበርኩ። የተመዘገቡትን ረግረጎች አንድም ሳላስቀር ዞሬ መጣሁ፤ ትከሻዬ እስካሁን በመኪናው መንገጫገጭ ታሟል። መድኃኒቱን ይወስዳሉ ወይስ እንደ ልማድዎ መሳቢያ ውስጥ እየሰበሰቡት ነው?

እንዴት አገኘሻቸው ይሉኛል። እውነቱን ልንገርዎ፣ አንጀቴ አሮ ነው የተመለስኩት። በየሥፍራው የጠበቀኝ አንድ ዓይነት ሰሌዳ ነው። ሰሌዳዎቹን ኃላፊያችን በአንድ ጊዜ ነው ያሳተማቸው፤ ሁሉም ላይ ያለው ሥዕል ፍላሚንጎ ነው። ተራራው ላይ ያለው ረግረግ ዳር ደርሼ፣ ከእንቁራሪት በቀር ምንም በሌለበት፣ በጉም ውስጥ ያን ቀይ ወፍ ሳየው በቁሜ ሳቅሁ። ጥበቃው ግን ኮስተር ብሎ "ገና አልመጣም፣ እየጠበቅነው ነው" አለኝ። ወንዙ ባሕር በሚገባበት ቦታ ደግሞ ሆቴል እየተሠራ ነው፤ ሰሌዳው የሲሚንቶ ከረጢት መደገፊያ ሆኗል። የጨው ሐይቁ ብቻ ደህና ነው። መንገድ ስለሌለው ማንም አልደረሰበትም መሰለኝ።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ልምጣ። በዚህ ዓመት አንድም ሥፍራ አደጋ ላይ ነው ተብሎ አይጻፍም፤ ኃላፊዬ በስብሰባ ላይ ቁርጥ አድርጎ ተናግሯል። አገሪቱ ቀጣዩን የዓለም ጉባኤ ለማስተናገድ እየተወዳደረች ነው፤ ገመናችንን ራሳችን አደባባይ አናሰጣም ነው የሚለው። እርስዎ የሚያውቁትን ክፍል ያስታውሱት፤ ረጅሙ ጠረጴዛ፣ የማይዘጋው መስኮት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ሳልነቀንቅ አልቀረሁም።

ለማንኛውም አይጨነቁ። መንገዱ ሥር ውሃ ማሳለፊያ ቱቦዎች ተቀብረዋል። መሐንዲሱ ፎቷቸውን ልኮልኛል፤ ባየሁት ጊዜ ተረጋግቻለሁ። ምናልባት ደለል ዘግቷቸው ይሆናል፣ ጥበቃው ያጽዳቸው።

ሌላም ወሬ ነበረኝ፤ ለጊዜው ይቆየኝ።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 20

ዳክዬ፦

መድኃኒቱን እወስዳለሁ። አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

መሐንዲሱ ፎቶ ላከልኝ ብለሽ ተረጋግተሻል። እኔም ፎቶውን ባየሁ ኖሮ እረጋጋ ነበር፤ ፎቶ የሚያምርባቸው ቱቦዎች ናቸው። ከምንጣፍ ሠሪዋ ጎረቤቴ ጋር ሄደን አየናቸው። ደለል የሚባል ነገር አልነካቸውም፤ እንዴት ይንካቸው? የተቀበሩት በደረቴ ከፍታ ላይ ነው። ውሃው ከሥራቸው ቆሞ ቀና ብሎ ያያቸዋል።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጎረቤቴ ሲሠሩ ቆማ አይታለች። መጀመሪያ ዝቅ አድርገው ቀብረዋቸው ነበር አሉ። ኋላ ጥርሶ ለምርቃቱ መጥቶ ማማው ላይ ሲወጣ ቱቦዎቹ አልታዩትም። እንግዳ ያላየው ቱቦ ምን ይሠራል ብሎ አስቆፈረና ከማማው በሚታይ ቦታ አስቀበራቸው፤ አፋቸውንም ነጭ ቀለም አስቀባ። እኔ በዚህ መሥሪያ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ብዙ ጅልነት አይቻለሁ። ለመታየት ተብሎ ከውሃ በላይ የተሰቀለ የውሃ ማሳለፊያ ግን ሳልሞት አያለሁ አላልኩም ነበር። ይብላኝ ለእናንተ።

ጥበቃው ያጽዳቸው ብለሻል። ጥበቃው ሥራ በዝቶበታል። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ለምንጣፏ የሚሆን ደንገል ልታጭድ ብትገባ ጥብቅ ሥፍራ ነው ብሎ ማጭዷን ቀማት። ማጭዱን የያዘባት መንገዱን በደለደለው ሮለር ጥላ ሥር ቆሞ ነው። ሮለሩ እዚያው ረግረጉ ውስጥ እንደተተወ ቀርቷል፤ ለእሱ ቦታው ጥብቅ አይደለም።

ያቆየሽውን ወሬ ደግሞ ጥበቃው ነገረኝ። ምክትል ዳይሬክተር ልትሆኚ ነው። እንኳን ደስ አለሽ እንድል ጠብቀሽ ከሆነ፣ ቱቦዎቹ ዝቅ ሲሉ እልሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ማን ለምኖሽ ነው ስሜን ማማው ላይ የለጠፍሽው? እኔ ሐውልት ጠየቅሁሽ? እኔ የጠየቅሁሽ ውሃ ነው።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 2

ጋሼ፦

ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ ማንበብ አልነበረብኝም። አንብቤ ስጨርስ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጥቤ ነው ወደ ስብሰባ የተመለስኩት።

ማንም አልለመነኝም። ጠይቀዋልና እነግርዎታለሁ። መሰብሰቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የቀድሞ ኃላፊዎች ፎቶ በሙሉ ተሰቅሏል፤ የእርስዎ የለም። ከአሁኖቹ ጋር ተጣልተው ጡረታ ስለወጡ አወረዱት። የነበረበት ቦታ ላይ ግድግዳው ነጣ ብሎ ይታያል። ኃላፊዎቹ ስለ ረግረጎቹ መመዝገብ ሲፎክሩ በየስብሰባው ያቺን ነጭ ቦታ እያየሁ እቀመጣለሁ። አባቴ ሲሞት በታንኳዎ ጭነው ያሳደጉኝን ሰው ስም ከግድግዳ አውርደው በራሳቸው ስም ሲያወሩ ሆድ ባሰኝ። ስለዚህ ማንም ሊያወርደው የማይችል ነገር ላይ ስምዎን ልጽፍ ፈለግሁ። መንገዱ እንዴት እንደሚሠራ አልጠየቅሁም፤ ስሙ መጻፉን ብቻ ነው ያረጋገጥሁት።

አሁን አደጋ ላይ ነው ብዬ ብጽፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማማውን ማን አሠራው የሚለው ነው። እኔ ነኝ። ከወዲሁ ጥርስ ውስጥ ገብቻለሁ።

በታኅሣሥ አጋማሽ የዓለም አቀፉ ስምምነት ልዑካን ይመጣሉ። ከሁሉም ሥፍራዎች የመረጡት የእርስዎን ነው። ማማው ላይ የክብር እንግዳ ሆነው እንዲቀበሏቸው ይፈለጋል፤ እኔ ዋናው ቢሮ እንድቀር ተወስኗል። ጋሼ፣ በሕይወቴ ምንም ለምኜዎ አላውቅም። እባክዎ የዚያን ቀን ዝም ይበሉ። ምክትል ከሆንኩ በኋላ ቱቦዎቹን ራሴ ዝቅ አስደርጋቸዋለሁ። ቃሌ ነው።

የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 13፣ በሾፌር እጅ

ጋሼ፦

ባለፈው የጻፍኩልዎን ይርሱት።

ዛሬ ጠዋት አንድ ወረቀት እንድፈርም ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት በታችኛው ወገን ውሃ የሚደፉ ቦቴዎች እንዲላኩ የሚያዝ ነው። አልፈረምኩም። ሌላ ሰው ፈረመ፤ ቦቴዎቹ ሄደዋል።

ማታ በእንግዳ መቀበያው የልዑካኑን መሪ ለብቻዋ አገኘኋት። ፀጉሯ የሸበተ፣ ትንሽ የምትናገር ሴት ናት። ሁሉንም ነገርኳት። ረግረጉን በአደጋ መዝገብ ማስገባት የሚጠይቅ ሐሳብ እንደምታቀርብ፣ ነገር ግን ከአንድ የቢሮ ሠራተኛ ቃል ይልቅ እዚያው ከሚኖር ሰው አፍ መስማት እንደሚገባት ነገረችኝ። ነገ ማማው ላይ እርስዎን ትጠይቅዎታለች። ጥበቃው የኃላፊዬ ሰው እንደሆነ ስለሚያውቁ በእሱ በኩል ልደውል አልቻልኩም፤ ሾፌሩ ግን የእኔ ወዳጅ ነው፣ ከልዑካኑ ጋር ይመጣል።

ይናገሩ፣ ጋሼ። የፈለጉትን ያህል ይሳደቡ።

ዳክዬ

ታኅሣሥ 15

ዳክዬ፦

ሾፌሩ ደብዳቤሽን ሰጠኝ። የሰጠኝ እንግዶቹ ከሄዱ፣ ወንበሮቹ ከተጫኑ በኋላ ነው። ከሰልፉ መጨረሻ አቁም፣ ከመኪናህም እንዳትወርድ ብለውት መሪውን ይዞ ሲቁነጠነጥ ውሏል። አትፍረጂበት።

ሆነ ወይ ብለሽ ትጠብቂያለሽ። አልሆነም። እኔ በፊተኛው ደብዳቤሽ የለመንሽኝን አደረግሁ።

ቦቴዎቹ ጎሕ ሲቀድ መጡ። ጎረቤቴ ደጃፌ መጥታ በምልክት ጠራችኝና ጆሮዬ ሥር ጮኻ "ዛሬ ውሃው በጎማ መጥቷል" አለችኝ። ኩሬ ኩሬ እያደረጉ ደፉት። ጥበቃው የፕላስቲክ ባልዲ ይዞ ያልረጠበውን ያረጥባል። ጥርሶ ክንዴን ይዞ እንደ ሙሽራ ደረጃውን አወጣኝ፤ ሌሎቹ ወደ ላይኛው ወገን ዞረው ፎቶ ሲነሡ ያቺ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ብቻ ወደ ታች እያየች ቆየች። ኋላ አጠገቤ መጣች። እንደማልሰማ አይታ በአስተርጓሚው አንድ ነገር አስጻፈችና ወረቀቱን ሰጠችኝ። "ይህ ውሃ ሁልጊዜ እዚህ ነው ወይ?" ይላል።

ከዚያ ጠበቀችኝ። አፌን እያየች፣ ሳትቸኩል ጠበቀችኝ። አሁን ነው ለምን እንደጠበቀችኝ የገባኝ። ያን ጊዜ ግን ያየኋት አንቺን ነው፤ በየስብሰባው ያቺን ነጭ ግድግዳ እያየሽ ስትቀመጪ። ምክትል ትሁን፣ ቱቦዎቹን ታወርዳቸዋለች አልኩ። ስለዚህ ፈገግ አልኩ። ጥርሶን የምሰድብበትን ጥርስ እኔም አሳየሁ።

ስንት ሰው ዝም አለ ብዬ ንቄአለሁ። ከስንቱ ጋር ዝም አልክ ብዬ ተጣልቻለሁ። ሰላምታ የነሣኋቸው ነበሩ። በመጨረሻ አንድ ሰው አፌን ከፍቼ እንድናገር ሲጠብቀኝ እኔ ጥርሴን ብልጭ አደረግሁ። አፍሬአለሁ፣ የእህቴ ልጅ። ከዚህ የባሰ እፍረት አላውቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መሬቱ የተደፋለትን ሁሉ ጠጥቶ ጨረሰው። የቀረው የጎማ ዱካ ነው። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ አለ። መልሱን ጽፌበታለሁ፤ የሚቀበለኝ ግን የለም።

አጎትሽ

ጥር 11

ጋሼ፦

ምን አደረጉሽ ብለው ሦስት ጊዜ ጽፈውልኛል፤ ሳልመልስ የቆየሁት እስኪለይልኝ ብዬ ነው። አሁን ለይቶልኛል።

የልዑካኑ ሪፖርት ወጥቷል። ረግረጉ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል ይላል። ያች ሴትዮ የሰማችውን እንጂ የጠረጠረችውን መጻፍ አትችልም፤ አልፈርድባትም። ጥርሶ ግን ለባለ ቀለሙ መጽሐፍ ከሪፖርቱ አንድ መስመር መርጧል። "ሥፍራውን ያስመዘገቡት አዛውንት ማማው ላይ ሆነው በእርካታ ፈገግ አሉ።" ከሥሩ የእርስዎ ፎቶ አለ። ከግድግዳው ያወረዱትን ፎቶዎን የመለሱልዎት በዚህ መንገድ ነው።

ራስዎን አይስደቡ። ዕድሜዎን ሙሉ ማንም ዝም አሰኝቶዎት አያውቅም፤ እኔ አሰኘሁዎት። አንድ ጊዜ ብቻ ቢታዘዙኝ፣ የታዘዙኝ በማይገባው ቀን ሆነ።

ለሴትዮዋ የነገርኳትን ጥርሶ ደርሶበታል። ጠርቶኝ ወንበር እንኳ ሳይሰጠኝ፣ እየሳቀ፣ ረግረጉን እንዲህ የምትወጂው ከሆነ አጠገቡ እናስቀምጥሽ አለኝ። የረግረጉ ጥበቃ ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ እንድመጣ ተወስኗል። ጥበቃውን፣ ማማውንና መንገዱን ይዤ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አዩኝና መሬት መሬት አዩ። እዚያ የተላከ ሰው አይመለስም፤ የተረሳ ዕቃ ማስቀመጫ ነው የሚሉት።

እኔም እቃዬን ይዤ ስወጣ ጥርሴን አሳየኋቸው። ይኸኔ መንገዱን መጠገን የጣቢያው ኃላፊ ሥራ መሆኑን ከነሱ ውስጥ ያሰበ አለ? ሲታዩ ደስ የሚሉ ቱቦዎችን ማን ከፍ አድርጎ እንደ ቀበራቸው ያውቃሉ፤ ማን ዝቅ ማድረግ እንደሚችል ግን አልመጣላቸውም። እነሱ ሰው ሲያዋርዱ እንኳ የሚያዩት ከማማ ላይ የሚታየውን ብቻ ነው።

በየካቲት መጨረሻ እመጣለሁ። ማደሪያ አለዎት?

ዳክዬ

የካቲት 3

ዳክዬ፦

ማደሪያ አለዎት ወይ ብለሽ መጠየቅሽ ራሱ ስድብ ነው። ስትመጪ የምታድሪበትን ክፍል አስጠርጌዋለሁ። መስኮቱ ወደ ታችኛው ወገን ነው፤ ለጊዜው የምታይበት ኳስ ሜዳውን ነው።

ለጎረቤቴ ነገርኳት። ምንጣፍ ሠሪዎቹን ሁሉ ሰብስባ መጣች፤ ግቢዬ ሞላ። ጥበቃው ማጭዷን መልሶላታል፤ አዲሷ ኃላፊ ማን እንደሆነች ሰምቶ ነው፣ ይኼ ሰው ይሾማል ገና። ክረምቱ ሳይገባ መንገዱን ለውሃው የምንከፍትበትን ቦታ መርጠናል፣ ማማው እግር ሥር ነው። ወንዙ ከመጣ በኋላ ማማው ጋ በቆዳ ጫማ የሚደርስ እንግዳ አይኖርም። የሚደርሱበት ወፎች ብቻ ናቸው። ለእነሱ ማረፊያ ከሆነ ስሜ እዚያው ይቆይ፣ አልቃወምም።

ጥርሶ ይሰማል። ይስማ። ሴትዮዋ ለሰጠችኝ ወረቀት የጻፍኩትን መልስ በአድራሻዋ ልኬላታለሁ፤ ዘግይቷል፣ ግን ሙሉ ነው፣ ስድብም አለበት። መልስ ከመጣ አብረን እናነበዋለን። ካልመጣም እንቆፍራለን።

አካፋ አታምጪ፤ እዚህ አካፋ ሞልቷል። እስካሁን የጠፋው ቆፍሩ የሚል ኃላፊ ነበር። ስትደርሺ ጆሮዬ ሥር ጮኸሽ ተናገሪው፤ የመጀመሪያውን አካፋ እኔ እይዛለሁ።

እንኳን ደስ አለሽ።

አጎትሽ